በልብ ያለው አለቃ

በጅቡቲ ከተማ ከሚገኙት የቆዩ ሰፈሮች ብዙዎቹ የሚጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን ለአገሬው ሰው መኖሪያ የከለሉት ክፍል ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2 እየተባለ እስከ 7 ተቆጠረ። ከሰባተኛው ጋር ተያይዞ ለተነሣው ሰፈር ግን ስምንት የሚል ቁጥር አልወጣለትም፤ ካርቲየ 7 ቢስ ተባለ። «ቢስ» በፈረንሳይኛ አንድ ቁጥር ሲደገም የሚከተለው ቃል ነው። ዕድለ ቢስ፣ ጥቅመ ቢስ ማለትን የለመደ የአማርኛ ተናጋሪ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ሰፈሩ የተሰደበ ሊመስለው ይችላል።

ከተማዪቱ በአብዛኛው የምትተዳደረው በወደብና በመጓጓዣ ሥራ ነው። ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ መሥሪያ ቤቶች የሚከፈቱት በማለዳ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ በየቤቱና መብረዝ በሚባሉት የመቀመጫ ክፍሎች ተሰብስበው፣ ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባውን ጫት እየቃሙ ይጨዋወታሉ። ጫት በጤናና በኪስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ርእስ ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ጨዋታው ነው። ሠራተኞች በተሰበሰቡበት በማንኛውም አገር እንደሚሆነው ሁሉ፣ በዚህም የሥራ ነገር ሲነሣ አለቃ ይነሣል። አንዱ ይመሰገናል፤ ሌላው ይታማል። በየቋንቋው ከሚሰነዘሩት ፍርዶች ሁሉ ለአስተዋይ ሰው እንግዳ የሚሆነው ግን «እሱኮ አለቃ አይደለም» የሚለው ነው። ሰውየው የሹመት ደብዳቤ አለው፤ ቢሮ አለው፤ ደመወዝ የሚያጸድቀውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ታዲያ አለቃ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው?

እንዲህ የሚል ሠራተኛ ሰውየውን ከአንድ ነገር ጋር አስተያይቶታል። ያ ነገር በልቡ ያለው የአለቃ ምስል ነው። አለቃ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚል ሐሳብ አስቀድሞ በአእምሮው ተቀርጿል፤ አዲስ የመጣው ኃላፊ በዚያ ይለካል። ከሞላ አለቃ ነው፤ ከጎደለ ደብዳቤው አያድነውም።

የሥራ ጠባይን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ምስል ማጥናት የጀመሩት ባላሰቡት መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1975 ዶቭ ኤደንና ኡሪ ሌቪያታን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ለተማሪዎች አንድ መጠይቅ ሰጡ። መጠይቁ ሠራተኞች ስለ ቅርብ አለቃቸው ጠባይ የሚመልሱት ዓይነት ነበር፤ አለቃው ይረዳልን፣ ያበረታታልን፣ ሥራውን አስቀድሞ ያቅዳልን እያለ የሚጠይቅ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ግን በፋብሪካው ሠርተው አያውቁም። ስለ ፋብሪካው የተነገራቸው እጅግ ጥቂት ነገር ነበር፤ ስለ አለቆቹ ጠባይ አንድም ቃል አልሰሙም። እንዲያም ሆኖ ሞሉት። የመልሶቻቸውም አደራደር በእውነተኛ ፋብሪካ ያሉ እውነተኛ ሠራተኞች ስለ እውነተኛ አለቆቻቸው ከሚሰጡት መልስ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። አይተውት የማያውቁትን አለቃ እንዴት ሊገልጹት ቻሉ ቢባል፣ የገለጹት በልባቸው የነበረውን ነው። ይህም ግኝት ደስ የማያሰኝ ጥያቄ አስከተለ። እውነተኞቹ ሠራተኞችስ መጠይቁን የሚሞሉት አለቃቸውን አይተው ነው ወይስ ምስሉን?

ይህ ምስል የሚቀረጸው ሰው ሥራ ከመያዙ በፊት ነው። ልጅ በመጀመሪያ የሚያየው ታዛዥና አዛዥ በቤቱ ነው። ከዚያም የቄስ ትምህርት ቤቱን የኔታ፣ የቁርኣን መምህሩን፣ የሰፈሩን ሽማግሌ፣ የክፍል ኃላፊውን ያያል። ሥራ ሲይዝ ደግሞ የመጀመሪያው አለቃ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ በምስሉ ላይ ትልቅ አሻራ ይተዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማኅበረሰቡ ስለ መሪ ያለው የቆየ አስተሳሰብ አለ።

በዚህ ረገድ ጅቡቲ የተለያዩ ምስሎች የተገናኙባት ከተማ ናት። የኢሳ ሶማሌዎች የሚዳኙበት ሔር ኢሳ የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ በ2024 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ተመዝግቧል። የሕጉ አንዱ ምሰሶ ኢሳ ሁሉ እኩል ነው፣ ማንም ከማንም አይበልጥም የሚለው ነው። ኡጋስ የሚባለው የበላያቸው በጉባኤ ይመረጣል፤ ብርቱ ጉዳይም የሚወሰነው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከመከሩበት በኋላ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ያደገ ሰው መሪ ማለት የሚያዳምጥና ነገርን ወደ ስምምነት የሚያመጣ ሰው ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም። በታጁራ አፋሮች ዘንድ ደግሞ ሥልጣን በሁለት ቤተ ሰቦች መካከል ይፈራረቃል። ሡልጣኑ ሲሞት የሚተካው ልጁ አይደለም፤ ከሌላው ቤተ ሰብ የመጣውና በምክትልነት ሲያገለግለው የኖረው ሰው ነው። ስለዚህ መሪ የሚሆነው ሰው ሕዝብ ፊት ለዓመታት ሁለተኛ ሆኖ ታይቶ ያለፈ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በአዛዥና በታዛዥ መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል። ለተሾመ ሰው «ሹመት ያዳብር» ተብሎ ይመረቅለታል። በሌላ በኩል «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለ። ይህን አባባል ማንም ሰው ለልጁ መልካም ምክር አድርጎ አይሰጠውም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲሰማውም ራሱን ይነቀንቃል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መለየት ይገባል። ሠራተኛ በልቡ የሚይዘው አንድ ምስል ብቻ አይደለም። አለቃ ምን መሆን ይገባዋል የሚል ምስል አለው፤ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ምን ይመስላል የሚል ሌላ ምስልም አለው። ስለ መብላት የተነገረው አባባል የሁለተኛው ዓይነት ነው። አለቃ ሁሉ ይበላል ብሎ የሚያምን ሠራተኛ፣ ጥቂት የሚበላ አለቃ ሲያገኝ ያመሰግነዋል፤ እጅግ የሚበላውንም «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ምክንያት ከአንድ በደል ሁለት ሰዎች ሁለት ፍርድ ያወጣሉ። በ1994 ሊን ኦፈርማንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች «መሪ» ሲባል ወደ አእምሯቸው የሚመጣውን ጠባይ ሰብስበው በስምንት ክፍል መድበውት ነበር። ለሰው ስሜት መጠንቀቅ፣ ለሥራ መትጋት፣ የሚስብ ግርማ፣ መልከ መልካምነት፣ ብልህነትና ብርታት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጨቋኝነትም አለ። ሰዎቹ ጨቋኝ አለቃ ይወዳሉ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መሪ ሲባል ጭቆና ከሩቅ ሆኖ አብሮ ይታሰባል ማለት ነው።

ስምንተኛው ክፍል ወንድነት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1973 ቨርጂኒያ ሻይን የተባለች ተመራማሪ አሜሪካውያን ወንድ የሥራ ኃላፊዎችን ጠይቃ፣ ስለ ሥራ አስኪያጅ የሚሰጡት መግለጫ ስለ ወንድ ከሚሰጡት ጋር የሚመሳሰል፣ ስለ ሴት ከሚሰጡት ግን የራቀ መሆኑን አሳይታ ነበር። እንዲህ ያለ ምስል ባለበት ቦታ የተሾመች ሴት ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ከመለኪያው አንድ ክንድ ጎድላለች። ቆጣ ብትል «ክፉ ናት»፤ ለስለስ ብትል «አትችልም» ትባላለች። ወንዱ ቢቆጣ ግን «ኮስታራ ነው» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ወንዶች ብቻቸውን በሚቀመጡበት ክፍል ስለ ሴት አለቃ የሚሰጠው ፍርድም እርሷ በሌለችበትና መልስ ልትሰጥ በማትችልበት የሚሰጥ ነው።

በካርቲየ 7 ቢስ የሚኖር የአንድ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ቢታሰብ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ ስንት ዓይነት አለቃ ሊያልፍበት እንደሚችል መቁጠር ይቻላል። የምድር ባቡሩ ታሪክ ብቻውን ይበቃል። አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው፣ የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ አለቃም «ሼፍ» ነበር። አዲስ አበባ ላይ ባቡር ጣቢያው እስከ ዛሬ ለገሃር መባሉ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። በ1959 በተፈረመው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ጅቡቲ በሰኔ ወር 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1981 ድርጅቱ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። ያን ጊዜ ፈረንሳዊው ሼፍ ሄዶ የአገር ሰው በወንበሩ ተቀመጠ። አሮጌው ሐዲድ ከተዳከመ በኋላ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የባቡር መስመር በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ሲጀምር፣ ባቡሩን ለስድስት ዓመት እንዲያስተዳድሩ ውል የያዙት ቻይናውያኑ ነበሩ።

ወደቡም እንዲሁ ነው። ከ2000 ጀምሮ የዱባይ ኩባንያ አስተዳደረው፤ በ2009 የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል ተከፈተ፤ በ2018 ደግሞ የጅቡቲ መንግሥት ተርሚናሉን ከዱባዩ ኩባንያ ነጥቆ ያዘ፤ ጉዳዩም ወደ ዓለም አቀፍ ዳኝነት ሄደ። በከተማዪቱ የጦር ሠፈር ያላቸውን የፈረንሳይን፣ የአሜሪካን፣ የጃፓንንና የቻይናን ጦሮች ቀጣሪነት ሲጨምሩበት፣ በዚህች ትንሽ አገር ያለ ሠራተኛ የሚያስተያያቸው አለቆች ብዛት በትልልቅ አገሮች ካሉት ሠራተኞች ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም።

አሁን ሁለት አለቆችን እናስብ። የመጀመሪያው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። በማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። በእጁ ያለውን ዝርዝር እያየ ሰው ይቆጥራል፤ ሰላምታው አጭር ነው፤ የተሳሳተ ሲያይ እዚያው፣ በሰው ፊት ያርማል። በተወለደበት አገር እንዲህ ያለው ሰው ለሥራው የሚቆረቆር፣ የማያዳላ አለቃ ይባላል። ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ነው። ከሠራተኛው ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆቹስ ብሎ ይጠይቃል። ለቅሶ ይደርሳል፤ ሠርግ ይሄዳል፤ ለታመመ ሰው መኪና ይልካል። ወረቀቱ ግን የተዘበራረቀ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም በእርሱ ዘመን ሁለት ወር ይዘገያል። በጨዋታው ክፍል አለቃ ሆኖ የሚወጣው ማን እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። የመጀመሪያው ሰው «የራስ ቁራችሁን ሳታደርጉ በክሬኑ ሥር አትለፉ» ሲል፣ ትእዛዙ የሰው ሕይወት ለመጠበቅ የተነገረ ቢሆንም፣ ከማይወደድ አፍ ስለወጣ እንደ ንቀት ይሰማል። ብዙ ሰው ቁሩን የሚያደርገው ሰውየው ሲያይ ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ምስል ከሐሜት አልፎ የሰውን አካል የሚመለከት ነገር ይሆናል።

ይሁን እንጂ አገሮች በሁሉም ነገር ይለያያሉ ማለት ስሕተት ነው። ሮበርት ሀውስ የጀመረው ታላቅ ጥናት በ62 ማኅበረሰቦች የሚገኙ 17000 ያህል መካከለኛ የሥራ ኃላፊዎችን ጠይቆ ውጤቱ በ2004 ታትሟል። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በጥናቱ አልተካተቱም፤ ከአፍሪካ ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩበት። በጥናቱ መሠረት 22 ጠባዮች በየትም አገር የመልካም መሪ መለያ ሆነው ተገኙ፤ ታማኝነት፣ ፍትሐዊነት፣ አርቆ ማየትና ማበረታታት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስምንት ጠባዮች ደግሞ በየትም አገር ተጠሉ፤ ራስ ወዳድነት፣ ቁጡነት፣ ጨካኝነትና አለመተባበር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ልዩነቱ ያለው ከሁለቱ ውጭ በሆኑት ነው። ጠንቃቃነት፣ ለማዕረግ መጨነቅ፣ ነገርን በተዘዋዋሪ መናገር፣ ለአደጋ መድፈር፣ እነዚህ በአንዱ አገር ምስጋና፣ በሌላው ነቀፌታ ናቸው። ከላይ የታሰቡት ሁለቱ አለቆች ሁለቱም ፍትሐዊ ለመሆን የሚጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የተለያዩት ፍትሕ በምን እንደሚገለጥ ነው፤ አንዱ በዝርዝሩ ትክክለኛነት፣ ሌላው ለቅሶ በመድረስ።

ስለ ማኅበረሰቦች ይህን ያህል ከተነገረ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ኢሳ ሁሉ እንዲህ ያስባል፣ ደገኛ ሁሉ እንዲያ ያስባል ብሎ መደምደም ራሱ ሌላ የተሳሳተ ምስል መቅረጽ ነው። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ወደብ፣ ሌላው ሆስፒታል ቢሠሩ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ አለቃን የሚለኩበት ክንድ ይለያያል።

ምስል ፍርድን የሚያጣምምበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸኛው የበለጠ የተሰወረ ነው። በ1970ዎቹ ሮበርት ሎርድና ባልደረቦቹ ለሰዎች አንድ ፊልም አሳዩ። በፊልሙ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ከመሪያቸው ጋር አንድ ችግር ለመፍታት ይሠራሉ። ፊልሙ ለሁሉም አንድ ነው። ከተመልካቾቹ ለከፊሎቹ ቡድኑ ጥሩ ውጤት እንዳገኘ፣ ለሌሎቹ ደካማ ውጤት እንዳገኘ ተነገራቸው። ከዚያ መሪው ያደረገውን ሲጠየቁ፣ ጥሩ ውጤት የተነገራቸው መሪው እውነተኛ የመሪነት ሥራ ሲሠራ አይተነዋል አሉ፤ ደካማ የተነገራቸው ያንኑ ያህል አላዩም። በዓይናቸው ያዩትን ሳይሆን፣ የተሳካለት መሪ ምን ያደርጋል ከሚለው ምስላቸው ውስጥ አውጥተው መለሱ። ይህም በወደብ ሥራ ላይ የሚያስከትለው ግልጽ ነው። መርከብ በብዛት በሚመጣበትና የትርፍ ሰዓት ገንዘብ በሚገኝበት ዓመት የተሾመ አለቃ አስተዋይ ይባላል። ጭነት ሲቀንስ የተሾመው ያንኑ ሥራ ቢሠራ እንኳ አስተዋይነቱ አይታይም። ሁለቱም ስለ መርከቡ መምጣትና መቅረት ምንም ሥልጣን የላቸውም።

ታዲያ አለቃው ከምስሉ ጋር ቢገጥም ወይም ባይገጥም ምን ይለወጣል? ኦልጋ ኤፒትሮፓኪና ሮቢን ማርቲን በ2005 ባሳተሙት ጥናት 439 ሠራተኞችን በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ጠየቁ። በመጀመሪያ ተስማሚ አለቃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቀጥሎም የራሳቸው አለቃ ምን ዓይነት እንደሆነ አስሞሏቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ባነሰ መጠን ሠራተኛውና አለቃው ያላቸው ግንኙነት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ግንኙነት በኩል ደግሞ ሠራተኛው ለድርጅቱ ያለው ታማኝነት፣ በሥራው ያለው ደስታና የመንፈሱ ደኅንነት ይነካል። ሁለቱ ተመራማሪዎች አንድ ዓመት ቀደም ብለው ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ተስማሚው ምስል በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ እንደማይለወጥ አመልክተው ነበር። ሰውየው ይለወጣል፤ ይዛወራል፤ ይሻራል፤ መለኪያው ግን በቦታው ይቆያል።

ይህ ሲባል ሠራተኛው ብቻ የተሳሳተ፣ አለቃው ግን የተበደለ እንዳይመስል ያስፈልጋል። አለቃም በልቡ የሠራተኛ ምስል አለው። በ2010 ቶማስ ሳይ የተባለ ተመራማሪ ኃላፊዎች ስለ ሠራተኛ አስቀድመው የሚይዙትን ሐሳብ አጥንቶ፣ ትጉህና ታማኝ ከሚሉት ጋር ታዛዥ፣ አለፍ ሲልም ሥነ ሥርዓት የለሽና ብቃት የሌለው የሚሉ ምስሎችን አግኝቷል። «የአገሩ ሰው ሰነፍ ነው» ብሎ አምኖ ከአውሮፕላን የሚወርድ አለቃ፣ ሠራተኛው ስለ እርሱ ከሚሳሳተው ይልቅ እርሱ ስለ ሠራተኛው የሚሳሳተው ይከፋል፤ ምክንያቱም ደመወዝና ዕድገት በእርሱ እጅ ነው። ሠራተኛው በመብረዝ የሚፈርደው ፍርድ በዚያው በመብረዝ ይቀራል፤ አለቃው የሚፈርደው ግን በዶሴ ይጻፋል።

በግንቦት ወር 2024 የስድስት ዓመቱ ውል አብቅቶ፣ ኢትዮጵያ ሦስት አራተኛውን፣ ጅቡቲ አንድ አራተኛውን ድርሻ የያዙበት የባቡር ድርጅት ሥራውን ከቻይናውያኑ ተረከበ። እስከዚያ ድረስ በውጭ አገር አለቆች ሥር ሆነው የተማሩና የሠሩ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ባቡሩን ራሳቸው የሚመሩ ሆኑ። ከእነርሱ ውስጥ ትናንት የሌላውን ሰላምታና የሌላውን ዝርዝር ሲለኩ የቆዩ አሉ። ዛሬ ከከተማው ውጭ በሚገኘው የናጋድ ጣቢያ ጧት ቀድሞ መድረስ፣ ሰው መቁጠርና የተሳሳተውን ማረም የእነርሱ ፈንታ ነው። ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ክፍሎች ስማቸው የሚነሣውም የእነርሱ ነው።